ሙዝ የሚያመጣው ሰውዬ

ኦክቶበር 27 ቀን 1996
ከቤርሳቤህ ወዲያ

ለውድ አክስቴ ለሰጉላባይ፣

የአባቶቻችን አምላክ ጤናዎን አያጉድልብኝ። ለመሆኑ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? ጎረቤታችን ሐሚዳና ባለቤቷ ደህና ናቸው? እኔ ተመስገን፣ በደህና ገብቻለሁ።

አርባ የአይሁድ ወጣቶች ነን። ከአርጀንቲና፣ ከፈረንሳይ፣ ከሩሲያ፣ ከእንግሊዝ የመጡ አሉ፤ ከህንድ የመጣሁት እኔ ብቻ ነኝ። አምስት ወር ሙሉ በነፃ እንሠራለን፣ በመሃል ዕብራይስጥ እንማራለን፣ የአባቶቻችሁ አገር ይኸውላችሁ እየተባልን በአውቶቡስ እንዞራለን። መጀመሪያ የወሰዱን ኢየሩሳሌም፣ ምዕራባዊው ግንብ ጋ ነው። ሁሉም አለቀሱ። እኔ ግን አልመጣልኝም። ሰው እንዳይታዘበኝ መሐረቤን አውጥቼ አፍንጫዬን ጠራረግሁ። አሳፋሪ ነገር ነው፤ ለእርስዎ ካልነገርሁ ደግሞ ለማን እነግራለሁ?

አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ፈረንሳዊት አጠገቤ ተቀምጣ ዓይኗን ካለባበሴ ላይ አልነቅል አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «ቤተሰቦችሽ ወደ ሃይማኖቱ የገቡት መቼ ነው?» አለችኝ።

«አባቶቻችን የመጡባት መርከብ ህንድ አገር ናቭጋዎን ባሕር ዳርቻ ላይ ስትሰበር ያንቺ አያቶች ገና ድንች የሚባል ነገር አይተው አያውቁም» አልኳት።

ሳቀች፤ ተግባባን። ነገር ግን ጥያቄው አለቀቀኝም። ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ስበላ ተነስቼ መሄድ ያምረኛል፤ ስሄድ ደግሞ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም።

ሥራ ሲደለደል ጓደኞቼ ብርቱካን ለቀማ ደረሳቸው። እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ደረሰኝ። ከሽማግሌ አንሶላ ይልቅ ብርቱካን በተሻለኝ ነበር፤ ግን ምን ይደረግ።

ሐሚዳን ሳሙልኝ። ቶሎ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሚልካ

---

ኖቬምበር 17 ቀን 1996
አሊባግ

ለምወድሽ ልጄ ለሚልካ፣

መውጣትሽን ያየ አምላክ መግባትሽንም ያሳየኝ። ደብዳቤሽ ረቡዕ ደረሰኝ፣ በማግስቱ ለነቢዩ ኤልያስ የምስጋና ማዕዳችንን ማሊዳ አቀረብሁ። ሩዙን ዘፍዝፌ፣ ኮኮናቱን ፍቄ፣ ፍራፍሬውን ደርድሬ ምስጋናውን አደረስን። ለጸሎቱ የሚያስፈልጉት ወንዶች አስር አልሞሉም፣ ስምንት ነበሩ። ቢሆንም ኤልያስ ሰው ቆጥሮ አይመጣም ብለን በላነው።

ግንቡ ጋ አለማልቀስሽ ምንም አይደለም። እናትሽም በሠርጓ ቀን አላለቀሰችም፤ ከሠርጉ በኋላ ዓሣ ስትጠብስ ነው ያለቀሰችው። የኛ ዘር እንባ በቀጠሮ አይመጣም።

ስለ ሽማግሌዎቹ ግን አታማሪ። ብርቱካን ካልተለቀመ ራሱ ይወድቃል፤ ሰው እንደዚያ አይደለም። ደግሞ ነገ እኔን ለማጠብ ልምድ ይሆንሻል። ስቀልድ ነው።

ሁለት ነገር ላስቸግርሽ። አንደኛው፣ ከኢየሩሳሌም አንድ ቁንጥር አፈር ላኪልኝ፤ ቀኔ ሲደርስ ከራስጌዬ ይደረግልኛል። ሁለተኛው የዮናታን ነገር ነው። እናቱ ከታኔ ድረስ መጥታ ሻይዬን ጠጥታ፣ «ልጅቱ እሺ ትላለች ወይስ አትልም?» ብላ ሄደች። እስከ ፑሪም በዓል፣ እስከ ማርች፣ እንታገሣለን ብለዋል። ልጁ ባንክ ይሠራል፣ አይጠጣም፣ ጥርሱም ሙሉ ነው። ከመሄድሽ በፊት ጠይቄሽ ዝም አልሽኝ። አሁን ግን መልስ ስጪኝ።

መስመሩ እየተዛነፈ እንደሆነ አውቃለሁ፤ መብራት እየጠፋ አስቸገረን። በደንብ ብይ። ውሃው ካልተስማማሽ አፍልተሽ ጠጪ።

አክስትሽ ሰጉላባይ

---

ዲሴምበር 8 ቀን 1996

ለውድ አክስቴ ለሰጉላባይ፣

የኤልያስ በረከት ከቤትዎ አይለይ። ማሊዳው በሕልሜ መጣ። እዚህ ጠዋት ኪያርና ቲማቲም፣ ማታም ኪያርና ቲማቲም ነው።

ዛሬ ብዙ ወሬ አለኝ። መጦሪያው ውስጥ ከጥጉ ክፍል፣ ከመስኮቱ አጠገብ የምትቀመጥ አንዲት አሮጊት አለች። ሁለት ዓመት ሆኗታል አሉ፣ ቃል ካፏ አልወጣም። ሠራተኞቹ «ዝምተኛዋ» ይሏታል። ከሁለት ሳምንት በፊት ሻይ ስቀዳ የፈላው ውሃ እጄ ላይ ፈሰሰብኝና «አይ እናቴ» አልሁ፣ በገዛ ቋንቋችን። ከኋላዬ አንድ ድምፅ፣

«ቀዝቃዛ ውሃ ድፊበት እንጂ ምን ቆመሽ ታያለሽ?» አለኝ። በጠራ ማራቲ።

ዞር ስል እሷ ናት። እጄን ረሳሁት።

«የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ።

«የአሊባጎቹ ነኝ። አያቴ ዘይት ጨማቂ ነበሩ።»

«ቅዳሜ ያርፋሉ?»

«ያርፉ ነበር።»

«እንግዲያው የኛ ናችሁ። ተቀመጪ።»

ስሟ ሳራባይ ነው፤ የሬቭዳንዳ ሰው ናት፣ ከኛ የባሕር ዳርቻ። ዕድሜ ዕብራይስጧን ጠራርጎ ወሰደባትና የልጅነቷ ቋንቋ ብቻ ቀረላት። እሱን የሚሰማ ሰው ደግሞ እዚህ አልነበረም። ዝም ያለችው የምትናገረው ጠፍቷት አይደለም። የነርሶቹ አለቃ ጋልያ ይህን ስነግራት ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ ከእሷ አልለይም። ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ቀሚሷን በጨርቅ ትቋጥርና በሩ ላይ ትቆማለች። «ጀልባው ሊሄድ ነው፣ ልቀቁኝ» ትላለች። ቀድሞ ይዘው ይመልሷት ነበር። እኔ ግን «ባሕሩ ገና አልሞላም፣ ባለ ጀልባው ምሳ እየበላ ነው» ስላት ትቀመጣለች። እውነቴን ነው የምልዎት፣ አንዳንዴ ጀልባው ቢኖር አብሬያት በሄድሁ እላለሁ።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። ልጇ ኤዝራ ዓርብ ዓርብ ሙዝ ይዞላት ይመጣል። አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ፀጉሩ ሸብቷል፣ እዚህ ሲመጡ ሕፃን ነበር። እሱ በዕብራይስጥ ያወራታል፣ እሷ መስኮት መስኮቱን ታያለች። ባለፈው ዓርብ እኔን ጠራኝና፣ «ማን እንደሆንሁ ታውቅ እንደሆነ ጠይቂልኝ» አለኝ።

ጠየቅኋት። ረጋ ብላ አየችውና፣ «እንዴት አላውቀው? ይሄ ሙዝ የሚያመጣልኝ ሰውዬ ነው። ደግ ሰው ነው። እናቱ የታደለች ናት» አለች።

አክስቴ፣ ሰውዬው ዓይን ዓይኔን ያየኝ ነበር። ከአፌ የወጣው «ልጄ ነው አለች» የሚል ሆነ።

ሙዙን ልጦ ሰጣትና ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ደግ ሠራሁ ወይስ በደልሁ? ይፍረዱኝ።

ሚልካ

---

ጃንዋሪ 7 ቀን 1997

ለውድ አክስቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ከዲሴምበር ወዲህ ከእርስዎ አንድ ቃል አላየሁም። ፖስታው ነው ወይስ አመመዎት? ጓደኞቼ ወደ ገሊላ ሽርሽር ሲሄዱ እኔ ቀረሁ። ሳራባይ እኔ ከሌለሁ እህል አትቀምስም። ለነገሩ ጠጠር በሞላበት ኮረብታ ላይ ቆሞ «እዚህ ጦርነት ነበር» የሚለውን አስጎብኚ ሰልችቼዋለሁ።

አፈሩን ቆንጥሬ በመሐረብ ቋጥሬዋለሁ። ግን አልልክም። የመቃብር አፈር በፖስታ ለአክስቱ የሚልክ ሰው የት ታይቷል?

ሁለት መስመርም ቢሆን ይጻፉልኝ።

ሚልካ

---

ጃንዋሪ 16 ቀን 1997
አሊባግ

ለምወድሽ ልጄ ለሚልካ፣

ሰላምና ዕድሜ ይስጥሽ። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። መልሱ የዘገየው በሥራ ብዛት ነው፤ ቤቱን ኖራ ስናስቀባ ነበር። እኔ በጣም ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ምኩራብም እሄዳለሁ። ሐሳብ አይግባሽ።

ይፍረዱኝ ስላልሽኝ እፈርዳለሁ። ምሕረት ያደረግሽ መስሎሻል። ነገር ግን ሰውዬው እናቱን ፍለጋ መጥቶ ያገኘው አንቺን ነው። ካፏ ያልወጣ ቃል ሰጠሽው፤ ካፏ የወጣውን ደግሞ ወሰድሽበት። «እናቱ የታደለች ናት» ማለቷኮ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ብሆን ይህን ቃል በጆሮዬ ሰምቼ ብሞት ደስ ይለኛል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ሌላ ሰው ሳይነግረው ራስሽ ንገሪው። እኛ ቤት ጣፋጩም መራራውም ፊት ለፊት ነው የሚነገረው። እንደዚያ አድርጌ ነው ያሳደግሁሽ።

የዮናታንን ነገር ለሦስተኛ ጊዜ እጠይቅሻለሁ። ስለ እህል ጻፍሽ፣ ስለ ጀልባ ጻፍሽ፣ ስለ እሱ ግን እንደ ዓሣ አፍሽን ዘጋሽ።

ጊዜው ደርሷል፤ ኢንሻላህ በቅርቡ እንተያያለን።

አክስትሽ ሰጉላባይ

---

ጃንዋሪ 30 ቀን 1997

ለአክስቴ ለሰጉላባይ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ።

እርስዎ ኢንሻላህ ማለት የጀመሩት ከመቼ ወዲህ ነው?

የእርስዎ ጽሑፍ ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ይሄ ደብዳቤ ግን ክብ ክብ፣ ድርድር ያለ፣ እንደ ትምህርት ቤት መጽሐፍ የጠራ ነው። የሐሚዳ እጅ ነው። እኛ ቤት መራራውም ፊት ለፊት ነው የሚነገረው ብለው በሰው እጅ አስጽፈው ላኩልኝ። ምን ሆነው ነው በእጅዎ ያልጻፉት? እጅዎ ነው? ሌላ ነገር ነው? እዚህ ቁጭ ብዬ እያንዳንዱን ክፉ ነገር አንድ በአንድ እያሰብሁ ነው። ይህን አድርገውብኝ ደህና ነኝ አይበሉኝ።

ያሉኝን ግን አድርጌአለሁ። ኤዝራ ባለፈው ዓርብ ሲመጣ ግቢው ውስጥ ካለችው አግዳሚ ላይ አስቀመጥሁት። ያለችውን ቃል በቃል ነገርሁት። ሙዙን ጭኑ ላይ እንዳደረገ ሰማኝና ራሱን ነቀነቀ።

«ያን ዕለት ሰምቼአለሁ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ያለችውን። እኔኮ መናገሩ ነው የጠፋኝ፣ መስማቱን አልረሳሁትም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ስትዋሺ ፊትሽ ምን ይመስል እንደነበር ብታዪው አንቺም ዝም ትዪ ነበር።»

ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። ቀጥሎ ሳቁን አቁሞ ታሪኩን ነገረኝ። ስድስት ዓመቱ ላይ ነው እዚህ የመጡት። ትምህርት ቤት ሲገባ ልጆቹ በአነጋገሩ ያሾፉበት ነበርና እናቱ በማራቲ ስትጠራው በዕብራይስጥ ይመልስላት ጀመር። እሷም እንደ ምንም ብላ ዕብራይስጡን ተማረች፣ ለእሱ ስትል። አሁን ያ ቋንቋ ትቷት ሄደ፣ እሱ ደግሞ ሌላው የለውም።

«ሰሚ ከሆንክ ለምን አትሞክርም?» አልሁት።

«ምን ብዬ? ያለኝኮ የሕፃን አፍ ነው። በዚህ ሽበት ሆኜ «ውሃ ስጪኝ፣ ድመት መጣች» ልበላት?»

እምቢ አለኝ። ተውሁት።

ዮናታንን አላገባም። ሰውየውን ጠልቼ አይደለም፤ ሲያወራኝ ቶሎ ጨርሶ እንዲሄድልኝ እመኛለሁ። ዕድሜ ልኬን እንዲሄድልኝ እየተመኘሁ መኖር አልችልም። መልሱ ይኸው ነው። አሁን የእርስዎ ተራ ነው።

ሚልካ

---

ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1997
አሊባግ

ለልጄ ለሚልካ፣

ቁጣሽ ደረሰኝ፤ ጤና ያለው ሰው ቁጣ ነውና አምላኬን አመሰገንሁ።

አዎ፣ የሐሚዳ እጅ ነው። ኢንሻላህ አትበይ ብያት ነበር፤ እጇ ለምዶባት አመለጣት አለች። ይኸው አሁንም እየሳቀች ነው የምትጽፈው።

የሆነው ይህ ነው። ዓይኔ ሄዷል። ግራው ከክረምቱ በፊት ጀምሮ ደመና ለብሶ ነበር። ቀኙም አንቺ ለመሄድ ስትሰናጂ ይከተለው ጀመር። የመጀመሪያውን ደብዳቤዬን ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ እየዳሰስሁ ጻፍሁት፤ መብራት አልጠፋም ነበር። አውሮፕላን ማረፊያ የሸኘሁሽ ቀን እጄን ሳወዛውዝ ያየሽኝ ለአንቺ መስሎሽ ነበር። እኔ የማወዛውዘው ለአንድ ለማላውቀው ሰው ሻንጣ ነበር። ሐሚዳ ናት ትከሻዬን ይዛ «ወዲህ ናት» ብላ ያዞረችኝ።

ያኔ ብነግርሽ አትሄጂም ነበር። አባቶቻችን ስንት ዘመን ወደዚያ ዞረው ጸለዩ። የእናትሽ ልጅ ሄዳ እንድታየው ፈለግሁ። ይኸው ነው።

ስለ ዮናታን አታስቢ። ለእናቱ በዲሴምበር ከዋለው በዓለ መብራት በፊት ነገርኋት፤ ተጠይቆ ዝም ያለ ሰው መልሷል ብዬ ነው። ባለፈው ደግሜ የጠየቅሁሽ ካንቺው አፍ ልስማው ብዬ ነው። እናቱ ትንሽ አኮረፈች፣ ሻይዬን ግን ጨረሰች።

አሁን ስሚኝ። እዚያ ከወደድሽው ኑሪ። ሥራ ከሰጡሽ ያዢ። ዕውር ልመራ ብለሽ እንዳትመጪ። ቤቱን በእጄ አውቀዋለሁ፤ ምድጃውን በሙቀቱ፣ ጉድጓዱን በውሃው ሽታ አገኘዋለሁ። ለእኔ ብለሽ የምትመጪ ከሆነ በሩን አልከፍትልሽም።

አክስትሽ ሰጉላባይ

እኔ ሐሚዳ ነኝ፣ ሚልካዬ። ከዚህ በታች ያለውን አክስትሽ አላለችም፤ አላነበብሁላትምም። ምድጃውን በሙቀቱ አገኘዋለሁ ያለችው እውነት ነው፤ ክንዷ ላይ ያለው ጠባሳ ይመሰክራል። ባለቤቴ ቦምቤይ ወስዶ ሐኪም አሳይቷታል። ቀኙ በቀዶ ጥገና ሊመለስ ይችላል ብሏል፤ ቢዘገይ ግን ዋስትና የለም። ቀን ተቆርጦላት ነበር፤ በዋዜማው «ጨርቁ ሲነሣልኝ የማየው ሰው በሌለበት ምን ያደርግልኛል» ብላ ቀረች። በዚያው አፏ ደግሞ አትምጪ ብለሽ ጻፊ ትለኛለች። እኔ ያለችውን ጽፌአለሁ፣ ያላለችውንም ጽፌአለሁ። አንቺው ፍረጂ።

---

ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1997

ለውድ አክስቴ ለሰጉላባይ፣

የዕውራንን ዓይን የሚከፍት አምላክ ያስብዎት። ይህን ሐሚዳ ስታነብልዎ ቁጭ ይበሉ። እሷንም አይቆጡ፤ ከደብዳቤው በታች የጨመረችውን ራሷ ትነግርዎታለች።

ደብዳቤው የደረሰኝ ቀን አልጋ አነጥፋለሁ ብዬ አንዱን አልጋ ሁለቴ አነጠፍሁ። ጋልያ አይታኝ ብርድ ልብሱን ከእጄ ተቀበለችኝ። «ቤት ነው?» አለችኝ። «ቤት ነው» አልኋት። ከዚያ ጊዜው እንደማይመች እያወቀች በልቧ የያዘችውን ነገረችኝ፤ ከማርች በኋላ በደመወዝ እንድሠራ ወረቀት ልታስጨርስልኝ ትፈልጋለች። እንደ ሳራባይ ያሉ ሁለት አሮጊቶች ሌላ መጦሪያ ውስጥ ተገኝተዋል፤ እነሱም ዝም ብለዋል አሉ። እሺም እምቢም አላልሁ።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ኤዝራ መጣ። ሳራባይ ቀሚሷን ቋጥራ በሩ ላይ ቆማለች። እኔ በሐሳብ ተውጬ መስኮቱ ጋ ተቀምጫለሁ፤ «ባሕሩ አልሞላም» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ። እሷ «ልቀቁኝ፣ ጀልባው ይሄዳል» እያለች በሩን ትጎትታለች። ኤዝራ እኔን አየኝ፣ እሷን አየ። ሙዙን መሬት አስቀምጦ ክንዷን ያዛትና በዚያ የሾፌር ድምፁ፣

«እማ፣ አትሂጂ። እኔ ፈራሁ» አላት። በማራቲ።

በሩን ለቀቀችው።

«ምን ያስፈራሃል?»

ቃል ፈለገ። ግንባሩ ላብ ላብ አለው። «ውሃ... ትልቅ ውሃ። እኔ ትንሽ። አንቺ እጅ ያዢ።»

አክስቴ፣ አነጋገሩን ቢሰሙት። ግሡ ተሰባብሯል፣ «ር»ን «ል» ይላታል፣ ልክ የስድስት ዓመት ልጅ። ቋንቋው በልጅነቱ ካቆመበት ቦታ አልተነቃነቀም። ሳራባይ ጆሮዋን አዘንብላ ሰማችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣

«ይሄ ሰውዬ የሚያወራው ልክ እንደኔ ኤዝራ ነው» አለችኝ።

አልተረጎምሁለትም። አያስፈልገውም ነበር። «እማ፣ ኤዝራ ነኝ» አላት። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አገላብጣ አየችው። አወቀችው ብዬ አልምልም። ግን ቋጠሮውን ፈታች፣ አልጋው ላይ አስቀመጠችው፣ ሙዝ ልጣ ሰጠችው። «ብላ፣ ከስተሃል» አለችው። ያንን ሆድ ይዞ ከስተሃል ሲባል ማየት ነበር። እሱ እያለቀሰ በላ። እኔም አለቀስሁ፤ ማንም አላየኝም።

አሁን በየቀኑ ከሥራ በኋላ ይመጣል። ቃል ይጠይቀኛል፤ ዓሣ ምን ነበር፣ ዝናብ ምን ነበር፣ ይቅርታስ ምን ይባላል። እራቷን ከእሱ እጅ መብላት ጀምራለች። ስለዚህ እኔ ባልኖር ትራባለች ብዬ ራሴን ማታለል አልችልም። ሌሎቹ ሁለቱ ግን አሉ።

አክስቴ፣ የቡድኑ አውሮፕላን በማርች መጨረሻ ነው። እርስዎ ከሄድሽ ሂጂ፣ ከቀረሽ ቅሪ እያሉ ያሳደጉኝ ሰው አይደሉም። አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልሱልኝ። ለእኔ የሚበጀኝን አልጠየቅሁም፤ ለዘመድ ደስ የሚለውንም አልጠየቅሁም። እርስዎ እንድመጣ ይፈልጋሉ? «እንደ ወደድሽ» ብለው ከመለሱልኝ ያው እንደ ዮናታን ዝምታ እቆጥረዋለሁ።

ሚልካ

---

ማርች 12 ቀን 1997
አሊባግ

ለልጄ ለሚልካ፣

ሰላም ላንቺና በዙሪያሽ ላሉት ሁሉ።

ሐሚዳ ምን እንደጨመረች ነገረችኝ። ሁለት ቀን አኮረፍኋት። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤሽን ደግሞ የሚያነብልኝ ሰው ቸገረኝና ታረቅሁ። የኤዝራን ቦታ ስታነብ ድምፅዋ ተቆረጠ፤ እኔም ጥጥ እያባዘትሁ ያልሰማሁ መሰልሁ። ለኤዝራ ንገሪው፣ «ር»ን አያስተካክላት።

ከሄድሽ ጀምሮ ያልለመንሁሽ የለም። አፈር አልሁ፣ የሙሽራ መልስ አልሁ፣ ወሬ አልሁ፤ አንቺን ብቻ አልለመንሁም። እናትሽ አንቺን እኔ ጉያ ጥላ ስትሞት ለራሴ አንድ ነገር ተናግሬ ነበር፤ ይህችን ልጅ የእኔ ባለ ዕዳ አላደርጋትም ብዬ። ሃያ ዓመት ጠበቅሁት። ለካ ከሚወዱት ሰው ምንም አለመጠየቅም አንድ ዓይነት በር መዝጋት ነው።

ሐኪሙ ከፑሪም በኋላ ሌላ ቀን ሰጥቶኛል፤ ዘመዷ ስትመጣ ይሁን ብሏል። ላይመለስም ይችላል ብሎ በግልጽ ነግሮኛል። ስለዚህ ደህና ሆና ትጠብቀኛለች ብለሽ አታስቢ። ሌሎቹ ሁለት አሮጊቶችም አሉ፤ እነሱን ረስተሻቸው አትኖሪም፣ አውቅሻለሁ። ከዚያ በኋላ ተመልሰሽ የምትሄጂ ከሆነ ሂጂ። ያን ጊዜ እጄን ወደ ትክክለኛው ሰው አወዛውዛለሁ፤ ባላይም ሐሚዳን እጠይቃለሁ።

የጠየቅሽኝን መልስ ግን ሐሚዳ እንድትጽፈው አልፈቀድሁም። ብዕሩን ሰጥታኝ ወረቀቱን ይዛልኛለች። ከመስመር ከወጣ ይቅር በይኝ።

ነይ።